ጥርስ ሳይፋጭ፦ ሲንክሮናይዘር የሌላቸው ካምቢዮዎችና አነዳዳቸው

መኪናው ገና ሳይቆም የኋላ ማርሽ ለማስገባት የቸኮለ ሾፌር ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ግርርር ብሎ ጆሮ የሚበላ፣ ጎኑ የተቀመጠውን ሰው ደንገጥ የሚያደርግ ድምፅ ነው። ይኸው ሾፌር ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀይር ምንም አይሰማም። ልዩነቱን የሚያመጣው ወደ ፊት በሚያስኬዱት ማርሾች ውስጥ ተደብቆ የሚሠራ፣ ሲንክሮናይዘር የሚባል ሾጣጣ የነሐስ ቀለበት ነው። በብዙ መኪናዎች የኋላ ማርሽ ይህ ቀለበት አልተገጠመለትም። ስለዚህ አዲስ ማኑዋል መኪና የሚነዳ ሰው እንኳ በየቀኑ የሚነካው አንድ የጥንት ማርሽ ሊኖረው ይችላል።

ከመቶ ዓመት በፊት ሁሉም ማርሽ እንዲህ ነበር። መኪና መንዳት ከሙያ ይቆጠር የነበረውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። መሪውን ማንም ይይዘዋል፤ ፍሬኑንም ማንም ይረግጠዋል። ካምቢዮውን ሳያስጮኽ ከተማ የሚያቋርጥ ሰው ግን በልምምድ የተገኘ እግርና ጆሮ ያስፈልገው ነበር። ያ ሥራ በኋላ ዘመን ጠፋ ይባላል። ነገሩ ሲመረመር ግን ሥራው አልጠፋም፤ የሚሠራው ነው የተለወጠው። መጀመሪያ ሾፌሩ፣ ቀጥሎ የነሐሱ ቀለበት፣ አሁን ደግሞ በትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች ላይ ኮምፒውተሩ ይሠራዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ፓሪስ ላይ ይጀምራል። ኤሚል ሌቫሶር በ1891 ለፓናር ኤ ሌቫሶር ኩባንያ የሠራው መኪና ሞተሩን ከፊት፣ ከሞተሩ ቀጥሎ ፍሪሲዮኑን፣ ከዚያም ካምቢዮውን አስቀምጦ ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ ላከ። ይህ አሰላለፍ ለብዙ አሥርት ዓመታት የመኪና ሁሉ አጥንት ሆኗል። ካምቢዮው ውስጥ የነበረው አሠራር ቀላልና ጨካኝ ነበር፤ የተለያየ መጠን ያላቸው ጥርሶች በዘንግ ላይ እየተንሸራተቱ ሄደው ሌላ ዘንግ ላይ ካሉት ጋር በጉልበት ይነካከሳሉ። መጀመሪያ ላይ ጥርሶቹ መሸፈኛ እንኳ አልነበራቸውም፤ አቧራና ጭቃ እየጠጡ ይዞሩ ነበር። ሌቫሶር ራሱ ዘዴው ሻካራ መሆኑን አልካደም፤ ይሠራል፣ በቃ፣ የሚል ነበር አቋሙ። በ1895 ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው 1178 ኪሎ ሜትር ውድድር መሪውን ከእጁ ሳይለቅ 48 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነድቶ ከሁሉም ቀድሞ ሲገባም በዚሁ ዓይነት ካምቢዮ ነበር።

የዚያ ዘመን ማርሽ መቀየሪያ ዛሬ እንደምናውቀው አልነበረም። እጀታው በአንድ መስመር ላይ ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከአራተኛ ወደ አንደኛ ለመውረድ በሦስተኛና በሁለተኛ በኩል ማለፍ ግድ ነው። ይህን የገላገለው በ1901 ቪልሄልም ማይባኽ የነደፈው የመርሴዲስ 35 ፈረስ ጉልበት መኪና ነው። እጀታው በተቆረጠ በር ውስጥ ወደ ጎንም ወደ ፊትና ኋላም እንዲንቀሳቀስ ስለተደረገ፣ ሾፌሩ የፈለገውን ማርሽ በቀጥታ መምረጥ ቻለ። ዛሬ በየእጀታው አናት ላይ ተቀርጾ የምናየው የመስመርና የቁጥር ሥዕል የዚያ በር ልጅ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የገባውም መኪና የዚሁ ትውልድ ነበር። በ1907 ገደማ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ይዞት የመጣው ሲድሌ፣ እንደ ዘመኑ መኪና ሁሉ፣ ሲንክሮናይዘር የሚባል ነገር አያውቅም። ሲንክሮናይዘር ሊፈጠር ገና ሃያ ዓመት ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ካምቢዮው ውስጥ እንግባ፤ ችግሩን ሳይረዱ መፍትሔውን ማድነቅ አይቻልም። ከፍሪሲዮኑ የሚመጣው ጉልበት ታችኛውን ዘንግ ያዞራል። ላይኛው ዘንግ ደግሞ ከጎማዎቹ ጋር የተያያዘ ነው፤ መኪናው እስከተንቀሳቀሰ ድረስ እሱም ይዞራል። ማርሽ ማስገባት ማለት በራሳቸው ፍጥነት የሚዞሩትን እነዚህን ሁለት ዘንጎች ማያያዝ ነው። ፍጥነታቸው ከተስማማ ጥርስ ጥርስን ቀስ ብሎ ይቀበላል። ካልተስማማ ይፋጫሉ፤ ከጠናም የጥርሱ ጫፍ ተሸርፎ ዘይቱ ውስጥ ይወድቃል።

ቁጥር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የጥንቱ ቮልስዋገን፣ አዲስ አበባ ቮልስ ብላ ያሳደገችው፣ ሲንክሮናይዘር ሳይኖረው የነበሩት የማርሽ ምጣኔዎች 3.60፣ 2.07፣ 1.25 እና 0.80 ናቸው። ሾፌሩ በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩን በደቂቃ 3000 ዙር እያስኬደ ሳለ አራተኛ ሊያስገባ ከፈለገ፣ በዚያው ፍጥነት አራተኛ የሚጠይቀው 1920 ዙር ብቻ ነው። ስለዚህ ከ1000 በላይ ዙር መርገፍ አለበት። በተቃራኒው በሦስተኛ 2000 ዙር ላይ ሆኖ ዳገት ቢገጥመውና ወደ ሁለተኛ ቢወርድ፣ ሞተሩ ወደ 3300 ዙር ገደማ መውጣት ይኖርበታል። ወደ ላይ ሲቀየር መጠበቅ ነው፤ ወደ ታች ሲቀየር ደግሞ ነዳጅ መስጠት ነው። የአሮጌ ካምቢዮ ጥበብ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

መጠበቁ ቀላል ነው። ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሹን ወደ ኒውትራል ማውጣት፣ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ፣ የሞተሩ ድምፅ እስኪወርድ ትንሽ መታገሥ፣ እንደገና ረግጦ ቀጣዩን ማስገባት። ፍሪሲዮኑ ሁለት ጊዜ የሚረገጠው ለይስሙላ አይደለም። በኒውትራል ላይ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ ታችኛው ዘንግ ከሞተሩ ጋር ይገናኛል፤ ሞተሩ ሲዘገይ ዘንጉንም ይዞት ይወርዳል። ፍሪሲዮኑ እንደተረገጠ ቢቆይ ግን ዘንጉ ብቻውን በዘፈቀደ ይንከባለላል፤ መቼ እንደሚመቸው ሾፌሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ወደ ታች መቀየሩ ነው ሰውን የሚፈትነው። እዚህም ፍሪሲዮን ይረገጣል፣ ማርሹ ወደ ኒውትራል ይወጣል፣ ፍሪሲዮን ይለቀቃል። ከዚያ ነዳጅ መስጫው አንዴ ጠበቅ ተደርጎ ይነካል፤ ሞተሩ ጮኾ ይወጣል፣ ታችኛውን ዘንግ ይዞት ይፈጥናል። በዚያች ቅጽበት ፍሪሲዮኑ እንደገና ይረገጥና ዝቅተኛው ማርሽ ይገባል። ነዳጁ ካነሰ ይፋጫል። ከበዛም ይፋጫል። ጥሩ ሾፌር የዙር መለኪያ አይቶ አይደለም የሚሠራው፤ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን መኪናዎች መለኪያውም አልነበራቸውም። የሚሠራው በጆሮው ነው፣ በእጀታው ላይ በሚሰማው ንዝረትም ጭምር። እጀታውን ጨምድዶ መያዝ የጀማሪ ምልክት ነው፤ የለመደ ሰው በጣቶቹ ብቻ ገፋ አድርጎ ጥርሱ እስኪፈቅድ ይጠብቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ማርሹ ራሱ እጁን ስቦ ይገባል። ይህ ሁሉ በአንድና በሁለት ሰከንድ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት።

ጠዋት ደግሞ ሌላ ነው። ዘይቱ በሌሊት ብርድ ወፍሮ ስለሚያድር ዘንጎቹን ይዞ ያዘገያቸዋል፤ ወደ ላይ ሲቀየር የሚያስፈልገው ትዕግሥት ያጥራል። መኪናው ሲሞቅ ዘይቱ ይቀጥናል፤ ጠዋት የተስማማው አቀያየር ከሰዓት በኋላ ይፋጫል። የራሱን መኪና የለመደ ሾፌር ሌላ መኪና ላይ ሲቀመጥ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ተማሪ መሆኑም አይቀርም።

ድምፁ የሚያሳፍር ነው እንጂ ሰው አይገድልም። የሚገድለው ቁልቁለት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ እስከ ድልድዩ ድረስ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ይጥላል። ሊማሊሞና ጣርማ በርም ከዚህ አያንሱም። በእነዚህ መንገዶች ላይ ለአሥርት ዓመታት እህልና ጨው የጫኑት ከባድ መኪናዎች በአብዛኛው ሲንክሮናይዘር ያልነበራቸው ናቸው፤ ኤንትሬ በሚል ስም የሚታወቀው ፊያት 682 ከተፈበረከበት ዘመን የመጣው የሾፌሮች ልማድም በዚሁ ተቀርጿል። ሙሉ ጭነት ይዞ በአራተኛ እየወረደ ያለ ሾፌር ፍጥነቱ በረታብኝ ብሎ ሦስተኛ ሊያስገባ ቢሞክር ምን ይገጥመዋል? ማርሹን ወደ ኒውትራል ባወጣባት ቅጽበት በሞተሩ የተያዘው መኪና ይለቀቃል። በሁለት ሰከንድ ውስጥ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ሦስተኛ የሚጠይቀው ዙርም አብሮ ይወጣል። የመጀመሪያው ሙከራ ከከሸፈ ሁለተኛው የባሰ ይከብዳል፤ ከዚያም ሦስተኛ ማርሽ የሚጠይቀው ዙር ሞተሩ ሊደርስበት ከሚችለው በላይ ይሆናል። አራተኛ ማርሽም አይመለስም። ከዚያ በኋላ የቀረው ፍሬን ብቻ ነው፤ የከበሮ ፍሬን ደግሞ በረጅም ቁልቁለት ላይ ግሎ መያዙን ያቆማል።

ከዚህ የተነሣ ነው የድሮ ሾፌሮች ሕግ የጠበቀው፤ ቁልቁለቱን የምትወርድበትን ማርሽ አናቱ ላይ ሆነህ ምረጥ፣ ዳገቱን ብትወጣው በምን ማርሽ እንደምትወጣው አስበህ በዚያው ውረድ፣ መሀል ላይ እጅህን ወደ ማርሽ አትስደድ። ሲንክሮናይዘር ባለው መኪናም ሕጉ አልተሻረም። በረጅም ቁልቁለት ማርሽን ኒውትራል አድርጎ ነዳጅ ለመቆጠብ መሞከር ግን እስከ ዛሬ የሚታይ ሞኝነት ነው፤ የሚቆጠበው ሳንቲም፣ የሚጠፋው ሕይወት ነው።

መፍትሔው ከአሜሪካ መጣ። ኧርል ቶምፕሰን የተባለ መሐንዲስ የነደፈውን ዘዴ ጄኔራል ሞተርስ ገዝቶ በ1928 ለሽያጭ ባቀረባቸው የ1929 ካዲላክና ላሳል መኪናዎች ላይ ገጠመው። ሐሳቡ አጭር ነው፤ ጥርሶቹ ከመነካከሳቸው በፊት ሁለት ሾጣጣ ገጽታዎች እርስ በርስ ይታሻሹ፣ ፍትጊያው ፍጥነታቸውን እኩል ያድርገው፣ ከዚያ በኋላ ጥርሱ ይግባ። እየሮጠ ያለን ሰው ለመጨበጥ መጀመሪያ አብሮት መሮጥ ነው። በኋላ የመጡት ዲዛይኖች አንድ ብልሃት ጨመሩ፤ ቀለበቱ ፍጥነቱ እኩል እስኪሆን ድረስ መንገዱን ዘግቶ ይቆማል፣ ሾፌሩ ቢገፋም አያሳልፍም። ዛሬ ማርሽ ሲገባ በእጅ ላይ የሚሰማው ትንሽ መገታት የዚያ በረኛ ሥራ ነው።

ይህ እንዲሆን ሌላ ለውጥ መቅደም ነበረበት። በጥንቱ ካምቢዮ ጥርሶቹ ራሳቸው ይንሸራተቱ ስለነበር ቀጥ ብለው የተቆረጡ መሆን ነበረባቸው፤ ቀጥ ያለ ጥርስ ደግሞ ሲዞር ያፏጫል። በአዲሱ አሠራር ጥርሶቹ ሁልጊዜ እንደተነካከሱ ይኖራሉ፤ የሚንቀሳቀሰው በመካከላቸው ያለ ማያያዣ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥርሶቹን አጋድሞ መቁረጥ ተቻለ፤ ካምቢዮውም ጸጥ አለ። መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚሰማው ዚይይይ የሚል ጩኸት፣ በብዙ ሞዴሎች የኋላ ማርሹ አሁንም ቀጥ ያለ ተንሸራታች ጥርስ ስለሆነ ነው።

ቶምፕሰን በዚህ አላበቃም። የሃይድራማቲክን፣ ኦልድስሞቢል ለ1940 ሞዴል ያቀረበውን አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ የሠራውን ቡድን የመራውም እሱ ነው። ማርሽ መቀየርን ለማቅለል የተነሣው ሰው አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሾፌሩን ከነአካቴው ከሥራው አሰናበተው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ በአንድ ጊዜ የተለወጠ ይመስላል፤ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ካዲላኮች ራሳቸው ቀለበቱ የነበራቸው በሁለተኛና በሦስተኛ ላይ ብቻ ነው። ሮልስ ሮይስ በ1932 ለላይኞቹ ሁለት ማርሾች ብቻ ገጠመ። በእንግሊዝ አልቪስ በ1933 ለአራቱም ማርሾች ሲንክሮናይዘር ያለው ካምቢዮ ቢያቀርብም፣ ሌሎቹ እሱን ለመከተል ሠላሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ወሰደባቸው። ቮልስዋገን በ1952 ኤክስፖርት ለተባለው ሞዴል ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ሰጠ፤ አንደኛውን እስከ 1960 አዘገየ፤ ርካሹን ስታንዳርድ ሞዴል የሚገዛው ደንበኛ ግን እስከ 1960ዎቹ ድረስ ያለ ቀለበት ነዳ። ፖርሸ እንኳ በመጀመሪያዎቹ 356 መኪናዎቹ የቮልስዋገንን ካምቢዮ ይጠቀም ነበር፤ በ1952 የራሱን ሲንክሮናይዘር ከሠራ በኋላ ፈጠራው እስከ ፌራሪና አልፋ ሮሜዮ ደረሰ።

በጣም የዘገየው አንደኛ ማርሽ ነው። የፋብሪካዎቹ ክርክር አሳማኝ ይመስል ነበር፤ አንደኛ የሚገባው መኪናው ቆሞ ነው፣ ለቆመ መኪና ቀለበት ምን ያደርጋል? የተጨናነቀ ከተማ ውስጥ የነዳ ሰው መልሱን ያውቃል። መኪናው እየዳኸ ነው፤ ለሁለተኛ ዝግ ይላል፣ ለመቆም ደግሞ ቦታ የለም። በዚያች ሁኔታ አንደኛን ሳያስጮኹ ማስገባት ከሁሉም ማርሽ ይከብዳል፤ ምጣኔው ትልቅ ስለሆነ ሞተሩ የሚዘለው ዙርም ብዙ ነው። የሆነ ሆኖ ጃጓር ለኢ ታይፕ አንደኛ ማርሽ ቀለበት የሰጠው በ1964 ነው፤ ኤምጂቢ በ1967፣ ሚኒ በ1968። ሲትሮኤን 2ሲቪ እስከ መጨረሻው፣ እስከ 1990 ድረስ፣ አንደኛውን ያለ ቀለበት ሸጠ። ትንሹ ፊያት 500 ደግሞ ከ1957 እስከ 1975 በተመረተበት ዘመን ሁሉ ለየትኛውም ማርሽ አልሰጠም። ታላቅ ወንድሙ ፊያት 600፣ ሴይቼንቶ እየተባለ አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲነት የኖረው፣ ከሁለተኛ ጀምሮ ነበረው፤ አንደኛው ያው እንደ ጥንቱ ነው።

ለኢትዮጵያ ገጠር ቅርብ የሆነው ላንድሮቨር ነው። ከ1948 ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ሲሪስ ድረስ ያሉት ሁሉ ቀለበት ያላቸው በሦስተኛና በአራተኛ ብቻ ነው። በድንጋያማ መንገድ በብዛት የሚያስፈልጉት አንደኛና ሁለተኛ በሾፌሩ እግር የሚስማሙ ናቸው። ሲሪስ 3 በ1971 ሲመጣ ወደ ፊት የሚያስኬዱት አራቱም ሙሉ ሆኑ።

የእጀታው አቀማመጥና የማርሾቹ ሥዕልም እንዲሁ ለረጅም ጊዜ አልረጋም። ዛሬ አንደኛ ከላይ በግራ መሆኑን እንደ ተፈጥሮ ሕግ እንቆጥረዋለን። በ2ሲቪ ላይ ግን አንደኛ ከታች በግራ ነው፣ የኋላ ማርሽ ከላዩ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ አንድ መስመር ላይ። እጀታውም ከዳሽቦርዱ ወጥቶ የሚሳብና የሚገፋ ዘንግ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፖርሸ 911፣ የአውሮፓው ቢኤምደብሊው ኤም3 የመጀመሪያ ትውልድና ፌራሪ ቴስታሮሳ ይህንኑ ሥዕል የመረጡት በሌላ ምክንያት ነው፤ በውድድር አንደኛ የሚያስፈልገው ለመነሻ ብቻ ሲሆን ሁለተኛና ሦስተኛ ደግሞ ያለማቋረጥ ይቀያየራሉ፤ እነሱ ቀጥታ መስመር ላይ ቢሆኑ ይሻላል። እንደ ፔጆ 404 ያሉት እጀታውን ከመሪው ሥር ሰቀሉት፤ ከፊት ለሦስተኛ ሰው ቦታ ተረፈ። የ1920ዎቹ ቤንትሌይ እጀታው በሾፌሩ ቀኝ፣ በበሩ በኩል ነው፤ ከዚያ የባሰው ነዳጅ መስጫው ከፍሪሲዮንና ከፍሬን መካከል መሆኑ ነው። ይህን መኪና ዛሬ ለመንዳት የሚሞክር ሰው ማርሹን ከመማሩ በፊት እግሩን ማስተማር አለበት፤ በድንጋጤ የቀኙን ፔዳል ሲፈልግ ግራ መጋባቱ ውድ ዋጋ ያስከፍላል።

ከሁሉም የተለየው ፎርድ ሞዴል ቲ ነው። ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ይህ መኪና ሦስት ፔዳል አለው፣ አንዱም ነዳጅ መስጫ አይደለም። የግራው እስከ ታች ሲረገጥ ዝቅተኛ ማርሽ፣ ሲለቀቅ ከፍተኛ ነው፤ የመሀሉ የኋላ ማርሽ፣ የቀኙ ፍሬን። ነዳጅ የሚሰጠው በእጅ ነው። በውስጡ ያለው የፕላኔታዊ ጥርሶች ስብስብ ሁልጊዜ ተነካክሶ ስለሚኖር የሚፋጭ ነገር የለም። ሰፊው ሕዝብ መኪና መንዳት የጀመረው ካምቢዮ የማስጮኽን ሥቃይ ሳያውቅ መሆኑ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ ነው፤ ፎርድ በ1927 መጨረሻ ሞዴል ኤን ሲያወጣ ነው እነዚያ ደንበኞች ተንሸራታቹን ካምቢዮ የተዋወቁት።

በእንግሊዝ ደግሞ ከታንክ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ዋልተር ዊልሰን የፕላኔታዊውን ዘዴ ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። ሾፌሩ ማርሹን አስቀድሞ በትንሽ እጀታ ይመርጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ፔዳሉን አንዴ ይረግጣል፣ በቃ። አርምስትሮንግ ሲድሌና ዴምለር ተጠቀሙበት፤ በሎንዶን አውቶቡሶችም ላይ ኖረ። ክብደቱና ዋጋው ግን ለተራ መኪና አልፈቀደም።

ታዲያ ቀለበቱ ይህን ያህል ካሸነፈ፣ ያለ እሱ የሚሠራ ካምቢዮ ዛሬ የሙዚየም ዕቃ ሆኗል? አልሆነም። ከተማ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ባጃጅ እንውሰድ። በግራ መያዣው እየተጠመዘዘ የሚቀየረው ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ሲንክሮናይዘር የለውም። በየትኛውም ሞተር ብስክሌት ላይ ከሞላ ጎደል የለም። ጥርሶቹ ትንንሽና ቀላል ስለሆኑ ያላቸው ግፊት አነስተኛ ነው፤ በጎናቸው ያሉት ጥቂት ጉጦች ቀጭ ብለው ይያያዛሉ። ወጣቱ የባጃጅ ሾፌር አያቱ በጣልያን መኪና ላይ የተቀጣበትን አሠራር ሳያውቀው በቀን መቶ ጊዜ ይነካዋል።

በሌላው ጫፍ የአሜሪካ ትልልቅ ተሳቢዎች አሉ። በብዙዎቹ ላይ የኖረው ኢተን ፉለር ካምቢዮ አሥር፣ አሥራ ሦስት ወይም አሥራ ስምንት ማርሽ ይኖረዋል፣ ሲንክሮናይዘር ግን የለውም። ምክንያቱ ድህነት አይደለም። ከባድ ጥርስን የሚያስማማ የነሐስ ቀለበት በቶሎ ያልቃል፤ ቀለበት የሌለው ካምቢዮ አጭር፣ ቀላልና ዕድሜ ጠገብ ይሆናል። በባለ አሥሩ ላይ እጀታው አምስት ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ አምስቱ ካለቁ በኋላ በእጀታው ላይ ያለች ማብሪያ ወደ ላይ ትገፋና ያው አምስት ቦታ ከስድስተኛ እስከ አሥረኛ ይሆናል። በማርሽና በማርሽ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 35 በመቶ ስለሚጠጋ፣ በ1600 ዙር የተነሣ ሾፌር የሚጠብቀው ከ400 ጥቂት ከፍ ያለ ዙር እስኪረግፍ ነው። ቁጥሩ ቋሚ ስለሆነ ይለመዳል።

በአሜሪካ በዚህ ሙያ ለተሰማሩት ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጉዳዩ የኪስ ጉዳይ ነው። የንግድ መንጃ ፈቃድ ፈተናውን በአውቶማቲክ መኪና የወሰደ ሰው ፈቃዱ ላይ ‹ኢ› የሚል ገደብ ይጻፍበታል፤ ማኑዋል ከባድ መኪና መንዳት አይፈቀድለትም። በትምህርት ቤት የሚሰጠው ሥልጠና ፍሪሲዮኑን ሁለቴ መርገጥን ያዛል። የለመዱት ሾፌሮች ደግሞ ለመነሣትና ለመቆም ካልሆነ ፍሪሲዮኑን አይነኩትም፤ ነዳጁን ለቀቅ አድርገው ጥርሱ ሲላላ ያወጡታል፣ ዙሩ ሲስማማ ያስገቡታል። ጸሐፊው ሁለቱንም ወገን ሲመዝን ጀማሪው በመጀመሪያው ዘዴ ቢጸና ይበጀዋል፤ ሁለተኛው የጆሮ ጉዳይ ነው፣ ጆሮ ደግሞ ከወራት በፊት አይመጣም። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሲረገጥ የሚሠራው የፍሪሲዮን ፍሬንም መኪናው ቆሞ ካልሆነ መነካት የለበትም።

ይህም ዘመን እያለፈ ነው፤ የሚያልፈው ግን ሾፌሩ እንጂ አሠራሩ አይደለም። ቮልቮ በ2001 ያወጣው አይሺፍት በሾፌሩ ዓይን አውቶማቲክ ነው፤ ውስጡ ሲከፈት ግን ዋናዎቹ ማርሾች ቀለበት የላቸውም። ኮምፒውተሩ የዘንጎቹን ፍጥነት ይለካል፣ ወደ ታች ሲቀይር ለሞተሩ ነዳጅ ይሰጣል፣ ወደ ላይ ሲቀይር ታችኛውን ዘንግ በትንሽ ፍሬን ያዘገያል። የኤንትሬ ሾፌር በጆሮውና በእግሩ ያደርገው የነበረውን አንድ በአንድ ይደግማል።

በተራ መኪና ላይ ፍሪሲዮንን ሁለቴ መርገጥ ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ ጋራዥ ውስጥ ሁልጊዜ ያከራክራል። ቀለበቶቹ ጤነኛ ከሆኑ ጥቅሙ ጥቂት ነው፤ ወደ ታች ሲቀየር ነዳጁን ነካ ማድረጉ ብቻ ይበቃል። ቀለበቱ ያለቀ ከሆነ ግን፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የሁለተኛ ማርሽ ነው፣ ሁለቴ መርገጥ ካምቢዮውን ሳያወርዱ ለወራት ያቆያል። ሲንክሮናይዘር ባለው መኪና ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ማርሽ መቀየር ደግሞ ጀግንነት የሚመስላቸው አሉ፤ ውጤቱ ቀለበቱን ያለ ዕድሜው መፍጀት ነው። ዘይቱም ይታሰብበት። ቀለበቱ ነሐስ ስለሆነ ብዙዎቹ የቆዩ ካምቢዮዎች የሚፈልጉት ጂኤል 4 የሚል ምልክት ያለውን ነው፤ ለዲፈረንሻል የተሠራው ጂኤል 5 ከመጠን በላይ ስለሚያንሸራትት ቀለበቱ ይዞ ማቆም ያቅተዋል፤ አንዳንዱ ቅመምም ነሐሱን ይጎዳል። የበለጠ ቁጥር ያለው ይሻላል ብሎ መሙላት ተደጋጋሚ ስሕተት ነው።

የኋላ ማርሽ ሲጮህም ወዲያው ካምቢዮውን መወንጀል አይገባም። መኪናውን ማቆም፣ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሦስት ያህል መቁጠር፣ ከዚያ ማስገባት ነው። ወይም መጀመሪያ ሁለተኛን አስገብቶ ማውጣትና ወደ ኋላ ማርሽ መሄድ፤ የሁለተኛው ቀለበት ዘንጉን ያቆመዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከጮኸ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ ነው፤ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ማለት ነው።

የቆየ ላንድሮቨር ወይም ቮልስ ለመግዛት ያሰበ ሰው ደግሞ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የተመረተበትን ዓመት ይጠይቅ። ከ1971 በፊት የተሠራ ላንድሮቨር ሁለተኛ ማርሹ ሲገባ ቢፋጭ ጉድለቱ ከሾፌሩ ነው፤ ካምቢዮው ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲሁ ነበር። ይህን ሳያውቅ መካኒክ ጠርቶ ካምቢዮ የሚያስወርድ ባለቤት፣ ያልነበረ ቀለበት እንዲቀየርለት ገንዘብ ይከፍላል።